የባሕሩ ሰዓት፤ ከቤተ ሰብ ጋራ ወደ ማሊንዲ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ጥበቃ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ከቤት ወጣ ብሎ ስለ ጉዞ ይናገራል። ይሁን እንጂ ጉዞውን ያደረግነው ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአንድነት ስለ ሆነ፥ በመንገዱም ያገኘነው ትምህርት ልጆችን ስለ መጠበቅ ስለ ሆነ፥ ከዓምዱ ዓላማ የራቀ አይመስለንም።

ባለፈው የጥር ወር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ዕረፍት ባገኙ ጊዜ፥ እኔና ባለቤቴ፥ የዐሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጃችን፥ የሰባት ዓመት ሴት ልጃችንና የባለቤቴ እናት ሆነን፥ በኬንያ አገር በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወደምትገኘው ወደ ማሊንዲ ከተማ ሄድን። አያታቸው በደጋ አገር ተወልደው ያደጉ፥ ከሐይቅ በቀር ባሕር አይተው የማያውቁ ናቸው። ልጆቹም ባሕርን የሚያውቁት በሥዕልና በፊልም ብቻ ነበር። እኔም ብሆን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ስለ ባሕር አውቃለሁ ብዬ የማስበው ከማውቀው ይበልጥ ነበር። ይህንንም ስሕተቴን ከዚህ በታች ሳልደብቅ እገልጸዋለሁ።

ማሊንዲ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ሦስት ዲግሪ ያህል ርቃ፥ ከሞምባሳም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከናይሮቢ እስከ ማሊንዲ የሚያደርስ አውሮፕላንም አለ፤ እኛ ግን ልጆቹ አገር እያዩ እንዲሄዱ ብለን በ2017 ዓ. ም. ሥራ በጀመረው ምድር ባቡር እስከ ሞምባሳ ተጓዝን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባቡሩ በጻቮ የአራዊት መጠበቂያ ምድር ስለሚያልፍ፥ ልጆቹ በቀዩ አፈር ተለውሰው ቀይ የመሰሉትን ዝሆኖች በመስኮት ባዩ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከሞምባሳም በመኪና የኪሊፊን ድልድይ ተሻግረን፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማሊንዲ ገባን።

ማሊንዲ ትልልቅ ሕንፃና ጫጫታ የበዛባት ከተማ አይደለችም። በአሮጌው ሰፈር መንገዱ ጠባብ፥ ቤቱ ዝቅ ያለ፥ ግድግዳው ነጭ ነው። በባሕሩ ዳር የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመው ይታያሉ። ሴቶቹ ካንጋ ወይም ሌሶ የሚባለውን፥ በጥለቱ አጠገብ ምሳሌያዊ አነጋገር የተጻፈበትን ባለ ቀለም ጨርቅ ታጥቀውና ተከናንበው ይሄዳሉ። አያታችንም ይህን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው «እነዚህስ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው» አሉ። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ብዙ ኢጣልያኖች በዚያ እየመጡ ስለ ተቀመጡ፥ በምግብ ቤቱ ሁሉ የኢጣልያንኛ ቃል ይሰማል፤ ስለዚህ ልጆቻችን ፓስታውንና ጀላቲውን ያለ አስተርጓሚ አዘዙ።

በቀትር ጊዜ ፀሐዩ እጅግ ስለሚበረታ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰውም ከጥላ በታች ይቀመጣል። የባጃጁ ነጂ አይጣደፍም፤ ሻጩም ገዢውን አይጎትትም። ሰው ከሰው ሲገናኝ የቤተ ሰቡን፥ የጤናውንና የሥራውን ወሬ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ይህ ለአያታችን እንግዳ አልነበረም፤ በአገራቸው ሰላምታ የሚሰጠው እንደዚሁ ነውና። እኔ ግን ከከተማ ሥራ የመጣሁ ችኩል ሰው ስለ ነበርሁ፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይህን ዝግታ ስንፍና አድርጌ ቈጠርሁት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች የቀኑን ሰዓት የሚቈጥሩት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱ «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሰዓት አንድ» ማለት ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሁሉ በተቀራረበ ሰዓት ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ፥ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቍጠር እጅግ የተመቸ ነው። አያታችን ይህን በሰሙ ጊዜ የእጅ ሰዓታቸውን ሳያስተካክሉ ባሕር ማዶ እንደ ደረሱ ቈጥረው ተደሰቱ። ከዚህም በላይ ሂሳብን «ሄሳቡ»፥ ሳሙናን «ሳቡኒ» ሲሉ ሰምተው «ቋንቋቸው ዘመዳችን ነው» አሉ። ምክንያቱ ከዐረብ አገር የመጡ ቃላት ወደ ሁለቱም ቋንቋዎች መግባታቸው ነው።

አንድ ቀን እኔ ስለ ጀልባ ጉዞ ብቸኵል፥ አንድ ወጣት እየሣቀ «ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ» አለኝ። ትርጓሜውን ጠይቄ «ችኰላ በረከት የለውም» ማለት መሆኑን በተረዳሁ ጊዜ፥ አያታችን ቀበል አድርገው «የእኛም ሰው የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይላል» ብለው መለሱ። እኔ ብቻ በሁለት ቋንቋ ተመክሬ አልሰማሁም።

በአራተኛው ቀን ከማሊንዲ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው ወደ ዋታሙ ሄድን። በዋታሙና በማሊንዲ ፊት ለፊት ያለው ባሕር በ1968 ዓ. ም. የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፤ በአፍሪካም ከመጀመሪያዎቹ የባሕር ፓርኮች የሚቈጠር ነው። በውስጡ ኮራል የሚባለው ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ። ይህም ድንጋይ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ሕያዋን ፍጥረታት ለብዙ ዘመን የሠሩት ቤት ነው። በዋታሙ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ከዚሁ ከኮራል ድንጋይ የሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ቆመዋል፤ ውሃው ሲጐድል በእግር ይደረስባቸዋል።

እኔ ሳይሞቅ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንሂድ ብዬ ነበር። መሪያችን ያደረግናቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ግን «ባሕሩ ገና አልፈቀደም» ብለው እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል በዛፍ ጥላ አስቀመጡን። እርሳቸው መረባቸውን ይጠግኑ ነበር፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ እየሸሸ፥ የባሕሩ ወለል እንደ ታረሰ እርሻ ሸንተረር ሸንተረር ሆኖ ተገለጠ። አያታችን «ይህስ የሚያስፈራ ነገር ነው» ብለው በዳር ቀሩ፤ ባለቤቴም ከእርሳቸው ጋራ ተቀመጠች። እኔና ሁለቱ ልጆች ከመሪያችን ጋራ ወደ ደሴቱ ሄድን። በመንገድ አንድ ዝቅ ያለ ስፍራ ነበረ፤ ውሃው ከቍርጭምጭሚት አያልፍም፤ ልጆቹ እየዘለሉ ተሻገሩት።

በድንጋዩ ሥር ባሉት ትናንሽ ኵሬዎች ውስጥ ኮከብ የሚመስል ፍጥረት፥ በጎኑ የሚሄድ ሸርጣን፥ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ያለው ዓሣ አየን። ሴት ልጃችን አንድ ውብ ዛጎል አንሥታ በኪሷ ልትከት ስትል፥ ሽማግሌው ዛጎሉን በእጃቸው መዳፍ ላይ አድርገው «ዝም ብለሽ ጠብቂ» አሏት። ጥቂት ቆይቶ ከውስጡ ትንሽ ሸርጣን እግሩን አወጣ። ራቁቱን ሆኖ የሚወለደው ይህ ፍጥረት ሌላው የተወውን ዛጎል ቤት አድርጎ ይኖርበታል። «ይህን ብትወስጂ የሰው ቤት ወሰድሽ ማለት ነው» አሏት። በፓርኩም ሕግ ዛጎል መልቀም ክልክል ነው። ልጅቱም በቀስታ ወደ ስፍራው መለሰችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሽማግሌው «አሁን እንመለስ» አሉ። እኔ ግን ዙሪያዬን ብመለከት አሸዋው ደረቅ፥ ባሕሩም ሩቅ ነበርና «ጥቂት እንቆይ፤ ልጆቹ ገና አልጠገቡም» አልሁ። ጥቂት ቆይተው ሁለተኛ ተናገሩ፤ እኔም ሁለተኛ እንቢ አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ ግን አልጠየቁኝም። ሴት ልጄን አንሥተው በትከሻቸው ላይ አስቀመጧትና፥ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ ወደ ዳር ይራመዱ ጀመር። ያን ዝግተኛ ሽማግሌ እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ በመጀመሪያ ተቈጣሁ። ምንስ ቢሆን ያለ አባት ፈቃድ ልጅ ማንሣት ተገቢ ነውን? እያልሁ ወንድ ልጄን በእጁ ይዤ ተከተልኋቸው።

ወደዚያ ዝቅ ወዳለው ስፍራ ስንደርስ ውሃው እኔን እስከ ወገቤ፥ ልጄንም እስከ ደረቱ ደረሰ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የቆምንበት ከፍ ያለው አሸዋ ደርቆ ስለ ታየኝ፥ ውሃው በኋላችን ዞሮ በእኛና በየብሱ መካከል እንደ ገባ አላስተዋልሁም ነበር። ውሃው ቆሞ የሚሞላ አይደለም፤ እንደ ወንዝ ወደ ጎን ይጐትታል። በመካከሉ ልጄ እግሩ ለቀቀና እስከ አፉ ጠለቀ። እጁን አጥብቄ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን እኔም መቆም ተስኖኝ ነበር። ሽማግሌው ልጅቱን በዳር አኑረው ተመልሰው ገቡ፤ በአንድ እጃቸው የልጁን ክንድ፥ በሌላው የእኔን መታጠቂያ ይዘው፥ ውሃውን ፊት ለፊት ሳይጋፉ ከጕርፉ ጋራ በስላች እየመሩ አወጡን። አያታችን ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረው እስከ ጕልበታቸው ባሕር ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። ልጁን በነጠላው ጠቅልለው ካቀፉት በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ እኛ በእግራችን በቆምንበት ስፍራ ላይ ጀልባ ሲያልፍ አየን።

ከምሳ በኋላ ወደ ሽማግሌው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ የባሕሩንም ነገር እንዲያስረዱኝ ለመንኋቸው። የነገሩኝንና በኋላ ከመጽሐፍ ያመሳከርሁትን በአጭሩ እጽፋለሁ። ባሕር በአንድ ቀንና ሌሊት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ሙላቱን «ኩጃ»፥ ጕድለቱን «ኩፕዋ» ይሉታል። ይህ የሚሆነው ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ስለሚስቡት ነው። ሁለቱ በአንድ መሥመር በሚሆኑበት ጊዜ፥ ማለት ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፥ ስበታቸው ስለሚተባበር ሙላቱና ጕድለቱ ይበረታል፤ በዚያም ዳርቻ የውሃው ከፍታ ልዩነት ከሦስት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። እኛ የሄድንበት ቀን ጨረቃ ሙሉ የሆነችበት ቀን ነበረ። ሰዓቱም በየቀኑ ኀምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል፤ ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አያገለግልም።

ደግሞም ከጕድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ቢሆንም፥ ውሃው በየሰዓቱ እኩል አይጨምርም። በመጀመሪያው ሰዓት ጭማሪው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ እንግዳ ሰው ባሕሩ የተኛ ይመስለዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ከመላው ሙላት ግማሽ ያህሉ ይገባል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው የመጀመሪያው ሰዓት ዝምታ ነው። ሽማግሌው ጠዋት መረባቸውን እየጠገኑ ሲቀመጡ ሥራ ፈትተው አልነበረም፤ ጕድለቱን ይጠብቁ ነበር። ቀትር ሲቃረብ የፈጠኑትም ሙላቱን ቀድመው ነው። የእኔ ሰዓት በእጄ ላይ ነበረ፤ የእርሳቸው ሰዓት ባሕሩ ነበረ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የማሊንዲ ታሪክ ሁሉ በሌላ ዓይን ታየኝ። የዚያ ባሕር ሁለተኛው ሰዓት ነፋሱ ነው። ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ ግድም ጀምሮ እስከ መጋቢት «ካስካዚ» የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ግድም ደግሞ «ኩሲ» የሚባለው ከደቡብ ይነፍሳል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በአንዱ ነፋስ መጥተው፥ ሌላው እስኪነሣ ድረስ በከተማው ይቀመጡ ነበር። በዚያ መቀመጥ ውስጥ ጋብቻው፥ ቋንቋውና የከተማው ሀብት ተወለደ። በ1415 የማሊንዲ መልእክተኞች ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ ገጸ በረከት አድርገው አቅርበው ነበር፤ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ቀጭኔው በመርከብ ላይ አንገቱን የት አድርጎ እንደ ሄደ መላ ሲመቱ ዋሉ።

በባሕሩ ዳር ባለው አፋፍ ላይ፥ ጫፉ መስቀል ያለበት ነጭ ዓምድ ቆሟል። በ1498 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር ወደ ማሊንዲ የደረሰው የፖርቱጋል መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ መታሰቢያ ነው። የማሊንዲ ንጉሥ በደኅና ተቀብሎ መንገድ የሚያውቅ መሪ ሰጠው፤ በወቅቱ ነፋስም ተጕዞ በ26 ቀን ገደማ ከሕንድ አገር ካሊከት አጠገብ ደረሰ። ሲመለስ ግን የነፋሱን ወቅት ሳይጠብቅ ስለ ተነሣ፥ ያንኑ ባሕር ለመሻገር ሦስት ወር ያህል ፈጀበት። ብዙዎቹ ሰዎቹ ትኵስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት በሚመጣው፥ ድድን በሚያደማው በሽታ ሞቱ። በጥር ወር 1499 ማሊንዲ በደረሰ ጊዜ የቀሩት ሰዎች ሦስት መርከብ ለመንዳት ስላልበቁ፥ ጥቂት ቈይቶ አንዱን መርከብ ሊያቃጥል ግድ ሆነበት። በእኔ ላይ የደረሰው ትንሽ ነገር በታላቁ መርከበኛ ላይ በትልቁ ደርሶ ኖሯል ብዬ አሰብሁ። ይህ ሰው ለእኛ ታሪክም ሩቅ አይደለም፤ በ1541 ከወታደሮች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በማግስቱ ዓመት በጦርነት የሞተው ክሪስቶፎ ዳ ጋማ የእርሱ ልጅ ነበረ።

ከማሊንዲ በስተ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደን ውስጥ የምትገኘውን የጌዲንም ፍርስራሽ አየን። መስጊዱ፥ ቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ ዛፎች በግድግዳው ላይ ሥር ሰደው ዝንጀሮዎች ይመላለሱበታል። በአንድ መቃብር ላይ የተቀረጸው የእስላም ዘመን ከ1399 ጋራ ይስማማል። በ1948 ዓ. ም. ጄምስ ከርክማን የተባለ ሊቅ ቍፋሮ ጀምሮ ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ሳይቀር አገኘባት፤ በ2024 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈች። ይህች ከተማ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ባዶ ቀረች። ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ የውሃ ማነስ ነው፤ በመስጊዱ አጠገብ ያለው የውሃ ጕድጓድ በኋላ ዘመን እየጠለቀ እንደ ተቈፈረ ታይቷል። አያታችን በጕድጓዱ አፍ ቆመው «ውሃ ሲበዛም ሲያንስም አገር ያፈርሳል» አሉ።

በዚያው በጌዲ ቅጽር አጠገብ ደስ የሚል ሥራ አለ። ከ1993 ዓ. ም. ጀምሮ በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ቢራቢሮ ያረባሉ፤ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተጠቅልሎ በተኛበት ጊዜ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ይሸጣል። ቢራቢሮው የደኑን ቅጠል ስለሚፈልግ፥ ገበሬው ደኑን ከመቍረጥ ይልቅ መጠበቅ ይጠቅመዋል። ወንድ ልጃችን ከዚያ የተመለሰው ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ እየጠየቀ ነው።

ከማሊንዲ ወደ ሰሜን፥ ማራፋ በሚባል ስፍራ፥ ዝናብና ነፋስ የሸረሸሩት ቀይ፥ ነጭና ብርቱካን ቀለም ያለው ገደል አለ። የጊሪያማ ሰዎች ስለዚህ ገደል ተረት ይናገራሉ። በዚያ ስፍራ ከብታቸው እጅግ የበዛ ባለጠጎች ይኖሩ ነበር፤ ከትዕቢታቸውም የተነሣ ለድኻ ሳይሰጡ በወተት ይታጠቡ ነበር። ስለዚህ እግዚአብሔር ተቈጥቶ ምድሪቱን ከነቤታቸው አሰመጣት፤ ነጩ የወተቱ፥ ቀዩ የደማቸው ምልክት ነው ይባላል። ልጆቻችን ያን ማታ ወተታቸውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡ።

እንግዲህ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደዚህ ወይም ወደ ሌላ ሞቃት የባሕር ዳር ለመሄድ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

1ኛ፤ በባሕር ዳር ባደራችሁ ቍጥር ጠዋት ከቍርስ በፊት የዚያን ቀን የሙላቱንና የጕድለቱን ሰዓት ጠይቁ። ልጆች ሁልጊዜ በሚያውቅ ሰው ዓይን ሥር ይሁኑ። መሪው «እንመለስ» ካለ ሁለተኛ እስኪናገር አትጠብቁ።

2ኛ፤ በድንጋያማው ስፍራ እሾህ ያላቸው የባሕር ፍጥረታት ስላሉ፥ ያለ ጫማ አትሂዱ። ኮራሉንም አትርገጡት፤ ሕያው ነውና ይሞታል።

3ኛ፤ የአዲስ አበባ ልጆች ወባን የለመደ ሰውነት የላቸውም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ አስቀድሞ ሐኪም አማክራችሁ መከላከያውን መድኀኒት ውሰዱ፤ ማታ እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስ አልብሷቸው፤ በአጎበር ውስጥ አስተኟቸው። ከተመለሳችሁም በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ትኵሳት ቢነሣባቸው፥ ከወባ አገር መመለሳችሁን ሳትዘገዩ ለሐኪም ንገሩ። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀታችሁንም አትርሱ።

4ኛ፤ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጆችን ከፀሐይ አስጠልሏቸው፤ ውሃም ደጋግማችሁ አጠጧቸው።

5ኛ፤ የአገሩን ምግብ ቅመሱ። በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ፥ በሄል የሚጣፍጠው ማሐምሪ የሚባል ዳቦ፥ እርሱም ከእርግብ አተር ወጥ ጋራ ሲቀርብ እጅግ ደስ ያሰኛል። የኮኮናቱ ወተት ከዛፍ ፍሬ ስለ ሆነ ለሚጾሙም ይመቻል፤ ነገር ግን ወጥ ቤቱ ቅቤ እንዳልጨመረበት ጠይቁ።

6ኛ፤ አገሩ ብዙ እስላሞች የሚኖሩበት ስለ ሆነ፥ በባሕሩ ውስጥ የሚለበሰውን ልብስ በከተማው መንገድ አትልበሱ። ልጆቻችሁ ለሽማግሌ «ሺካሞ» ብለው እጅ መንሣትን ይማሩ፤ «ማራሃባ» የሚል ምላሽ ያገኛሉ።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌውን ለመሰናበት ሄድን። ገንዘብ ልሰጣቸው ብፈልግ የተስማማንበትን ብቻ ተቀበሉ። አያታችን ግን ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን ቡና በትንሽ ከረጢት አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው፤ እርሱን እምቢ አላሉም። ሁለቱ ሽማግሎች የጋራ ቋንቋ ባይኖራቸውም፥ ባሕሩ እየሸሸ ሳለ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። እኔም ሰዓቴን ሳላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ እርጋታ ሁሉ ስንፍና አይደለም፤ ፍጥነትም ሁሉ ትጋት አይደለም። ሁለቱንም በየጊዜያቸው የሚያውቅ ሰው ግን ራሱንም ልጆቹንም ያተርፋል። ወንድ ልጃችን አሁን በአዲስ አበባ ሆኖ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቍጥር በመስኮት እየተመለከተ «ዛሬ በዋታሙ ባሕሩ ይበረታል» ይላል። እኔም በሰማሁት ቍጥር እጁን እይዛለሁ። በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።